«ዛሬውኑ ተው» ስለተባለው ወንድሜ

ለተከበሩ የአማካሪዎች ማሠልጠኛ ተቋም ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ፤ እኛ ቤት የጠፋው ጤና እርስዎ ዘንድ ተትረፍርፎ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ተቋምዎ ለታናሽ ወንድሜ ስለዋለው ውለታ በአደባባይ ማመስገን ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

1ኛ. ወንድሜ አናጺ ነበር። ጠዋት ካልጠጣ እጁ መጋዝ አይጨብጥም፤ እሱ የገጠመው በር ግን ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ስንለምነው ኖረን፣ አንድ ቀን በራሱ ፈቃድ ጢሙን ተላጭቶ መጣና «እትዬ፣ ታከተኝ፤ ውሰጂኝ» አለኝ። እርስዎ ወዳሠለጠኗት የሱስ አማካሪ ወሰድኩት።

2ኛ. አማካሪዋ ልጅ እግር ናት፤ አንደበቷም ለስላሳ። ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ሲያቋርጥ ምን እንደሚሆን አልጠየቀችውም። «ቁርጠኝነት ካለህ ዛሬውኑ ተው» አለችው። ቃሉን የሚያከብር ሰው ነበርና ተወ። ላብ ሲያጠምቀው፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ሲያይ፣ ደወልኩላት። «አይዞሽ፣ ሱሱ እየለቀቀው ነው» አለችኝ፤ እኔ ሞኟም አመንኩ። በማግስቱ ምሳውን ይዤ ስገባ ወለሉ ላይ ሲንፈራገጥ አገኘሁት። ሆስፒታል ሳንደርስ እቅፌ ውስጥ አረፈ። ሐኪሙ «እንዲህ የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም ክትትል በአንዴ አያቆምም፤ ማን ነው የመከራችሁ?» ሲለኝ፣ የተቋምዎን ስም ጠራሁለት። ዝናዎ በዚያም እንዲሰማ ብዬ ነው።

3ኛ. አማካሪዋን ልሰድባት ሄድኩ፤ እንባዋ ቀደመኝ። ስለ መጠጥ ሱስ ሊማሩበት የተመደበው ክፍለ ጊዜ እርስዎ ለጋበዟቸው የክብር እንግዳ ንግግርና ለፎቶ መነሣት እንደዋለ፣ «ቀሪውን ሥራ ላይ ትማሩታላችሁ» እንደተባሉ ነገረችኝ። እውነትዎን ነው፤ ተማረች። መማሪያዋ ወንድሜ ነበር። ፎቶው ላይ ግን ሁላችሁም እንዳማረባችሁ አልጠራጠርም።

4ኛ. ከቀብሩ በኋላ ስለ «ጥንቃቄ» ያወጡትን መግለጫ አነበብኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞችን አይስሟቸው። ብቻ ሌላ እኅት የወንድሟን እጅ ይዛ ሳትመጣ፣ ያን የዘለላችሁትን ትምህርት የሚያስተምር አንድ ሐኪም ይጥሩ። ለእሱ ፎቶ አንሺ አያስፈልግም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእንቅልፍዎ ግን አጭር እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
የአናጺው እኅት

ማሳሰቢያ፦ ከተቋምዎ ሰዎች ለቅሶ የደረሰችን ያቺው አማካሪ ብቻ ናት። ሰው ሲሞት እንዴት ዝም እንደሚባል ገና አላሠለጠናችኋትም መሰለኝ።