ወይዘሮ ኡርሱል ማንጋና የኮመጠጠው የካሌንቡይ ማሳ

ወይዘሮ ኡርሱል ማንጋ ከአባታቸው ከአቶ ኩምፓ ማንጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፌሊሲቴ ሳኛ በባሕር ጠረፉ የካሳማንስ ክልል፣ በካሌንቡይ መንደር፣ የሩዝ አጨዳ በተጀመረበት ሳምንት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1989 ተወለዱ።

ትምህርታቸውን በመንደራቸውና በዚጊንሾር ከተማ ተከታትለው በ2011 በግብርና ሙያ ተመረቁ። ከዚያም በአፈር መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ስድስት ዓመት ሠሩ። በ2014 ከአቶ ዣን-ኖኤል ዲያታ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል።

በ2017 ጨው የሚከላከለው ግድብ ሲሠራ ወደ መንደራቸው ተመለሱ። አባቶቻችን በበጋ የባሕሩን ውሃ ወደ ማሳው ያስገቡ ነበር፤ ጨዉን ክረምቱ ያጥበዋል። የግድቡ ኮሚቴ ግን የግድቡን የውሃ በር በሰንሰለት ቆለፈው። ማሳው ደረቀ፣ ተሰነጠቀ። ኡርሱል ሦስት ጊዜ አስረዱ፦ አየር በሌለው እርጥብ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የባሕሩን ድኝ ከብረት ጋር አስረው ያቆዩታል፤ መሬቱ ሲደርቅ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ያንኑ ድኝ መሬቱን የሚያኮመጥጥ አሲድ ያደርጉታል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የአባታቸው ወንድም አቶ ሄክቶር ማንጋ፣ በስብሰባ መካከል «አንቺ ልጅ፣ ዓይን በማያየው ትል ነው የምታስፈራሪን? ለመሆኑ ስንት እግር አለው?» ብለው ሕዝቡን አሳቁ።

ኡርሱል ከማሳው ያመጡትን ጓል አቀረቡላቸው። «አጎቴ፣ እግሩን አይቁጠሩ። ይቅመሱት።»

አቶ ሄክቶር አልቀመሱም። እኔ፣ የኡርሱል እናት ፌሊሲቴም፣ መዘዝ ይመጣብሻል፣ ዝም በይ ብዬ እጃቸውን ጎትቼ አስቀመጥኳቸው። ይህም ይጻፍ።

በቀጣዩ ዓመት ችግኙ ቀልቶ ሞተ። በሦስተኛው ዓመት የሚታጨድ ጠፋ። የሳቁት ሁሉ ዛሬ የገበያ ሩዝ ይበላሉ፤ በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው።

ወይዘሮ ኡርሱል በግንቦት መጨረሻ በወባ ታመው፣ ሰኔ 4 ቀን 2024 በሠላሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። አባታቸው ቀድመዋቸዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለቱን ልጆቻቸውንና እናታቸውን ትተው ሄደዋል።

በመንደራችን ሩዝ አርሳ የኖረች ሴት ስትሞት ከጎተራዋ አንድ ነዶ ራስጌዋ ይቀመጣል። የኡርሱል ጎተራ ባዶ ነው። በራስጌያቸው ባለው ሳህን ላይ የተቀመጠው ቢጫ ጓል ከማሳቸው የመጣ ነው። አቶ ሄክቶር ለስንብት ሲያልፉ ይቅመሱት። ዝናቡ ሊጥል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ የባሕሩን ውሃ ለማስገባት ጊዜ አለ፤ የሰንሰለቱ ቁልፍም በኪሳቸው ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማይደርቅ ውሃ ዳር ያሳርፍልን። የሚቀበሩበት የኮረብታው አፈር ገና አልኮመጠጠም።