መሪው እንዲቀልልሽ

ውድ ኡሙልኸይር፣

አሰላሙ አለይኪ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪኝ። በስልክ የመኪናዋን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ሽጣት አልኩህ እኮ፣ ሱፍያን» ትዪና ወሬውን ወደ ሌላ ትወስጂዋለሽ። እኔም ድምፅሽን ስሰማ ልነግርሽ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። የጎረቤታችን ልጅ ሀዲያ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሪያድ ልትመለስ ስለሆነ ይህን በእጇ ትሰጥሻለች። እባክሽ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትደውዪልኝ።

«የቀኝ ትከሻዬ ገጥሟል፤ ክንዴ ግን ከደረቴ በላይ አልነሳ አለኝ» ያልሽኝ ለት ሱቄ ውስጥ የሰው ሱሪ እያጠበብኩ ነበር። የአሠሪዎችሽን መስኮት ስትወለውዪ ከመሰላል መውደቅሽን የነገርሽኝ አሳጥረሽ ነው፣ እንደ ትንሽ ነገር። ቀጥለሽ ግን «እንግዲህ ምን ልሠራ ነው የምመጣው? ድስት እንኳ ከምድጃ አላወርድም። መኪናዋንም ሽጣት፤ በአንድ እጅ መሪ አይዞርም» አልሽ። «አብሽሪ» ብቻ አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ መምጫሽን ከአረፋ ወደ መውሊድ፣ ከመውሊድ ወደ ረመዳን ስትገፊው፣ የሚያስቀርሽ ሥራ እንዳልሆነ ገብቶኛል። በማይሠራ እጅ ቤቴ ከምገባ እዚሁ ልቅር እያልሽ ነው።

ያቺን ባለ ሁለት በር ቀይ ስፖርት መኪና ከኮምቦልቻ ራስሽ እየነዳሽ መካነ ሰላም የገባሽበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ አየሽ። ዘመድ ወዳጁ «ቤት ሥሪበት፣ አይሱዙ ግዢበት» ሲልሽ ከርሞ፣ አንቺ ይዘሽ የመጣሽው ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀራትን መኪና ነው። እናትሽ እቴቴ ዙሪያዋን ዞረው አዩና «ሁለት በር ብቻ? የቀረው ሰው በየት ሊገባ ነው?» አሉ። አንቺ እየሳቅሽ «የቀረ ሰው የለም እማ፣ እኛው ነን» አልሻቸው። አላህ ልጅ ስላልሰጠን ያ ቃል ለሌላ ሰው የሚከብድ ነበር፤ ከአንቺ አፍ ግን እንደ ምርቃት ወጣ።

የዚያን ለት ምሽት ምክንያቱን ነገርሽኝ። የአሠሪዎችሽ ልጅ እንዲህ ያለች መኪና አለቻት፤ በየጠዋቱ የምታጥቢያት አንቺ ነሽ፤ አንድም ቀን «ግቢ» ተብለሽ አታውቂም። «መቀመጫውን ስጠርግ በሩን ዘግቼ መሪውን እይዘዋለሁ፤ ይዤው ትንሽ እቆይና እለቀዋለሁ» አልሽኝ። ያን ካወቅሁ በኋላ ስለ አይሱዙ ያነሳብኝን ሰው ሁሉ ተቆጥቼ መልሻለሁ። ይህን አልነገርኩሽም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባትሪዋ እንዳይሞት እያልኩ አልፎ አልፎ አስነሳት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን ሞተሩ ሲነሳ ሲጥ የሚል ክፉ ድምፅ ጀመራት። ጥቂት ቆይቶ መሪዋ ድርቅ አለ። በሁለት እጄ ተንጠልጥዬበት እንኳ የሚዞረው በግድ ነው። አንቺም «ሽጣት» ስላልሽኝ ወረኢሉ ላለው በላይ ደወልኩለት። ለሠርግ መኪና የሚያከራየው ነው፣ ታውቂዋለሽ። መጣ። ቀለሟን አይቶ ወደዳት። መሪውን ነካ አደረገና «ግዴለም፣ በጭነት መኪና አስጭኜ እወስዳታለሁ» አለ። ከዚያ ሊቀመጥ ሲል ጉልበቱ መሪው ሥር አልገባ አለው፤ አንቺ አጭር ስለሆንሽ ወንበሩን ወደ ፊት አስጠግተሽው ነው የሄድሽው። እጁን ሰደደና ወንበሩን ገፍትሮ ወደ ኋላ ወሰደው።

ኡሙዬ፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ያ ሰው ምንም አላጠፋም። ግን ከነሕይወትሽ ከቤቴ ያወጣሽ መሰለኝ። «አፉ በለኝ በላይ፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አልኩና ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ገብቼ ወንበርሽን ወደ ቦታው መለስኩት።

በማግስቱ ጎረቤታችንን አስናቀውን ጠራሁት። ያው አሁንም ደሴ የሚመላለሰውን አይሱዙ ነው የሚነዳው። ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪ እያበራ ወደ ታች ተመለከተ።

«መሪውን የሚያቀልለው ፓምፕ ደህና ነው» አለኝ። «የተሰነጠቀው ፑሊው ነው። ይቺ ቺንጋው የሚዞርባት ክብ ብረት ታየችህ? እሷ ስትወላገድ ቺንጋው እየዘለለ ይወጣል። ቺንጋው ከወጣ ፓምፑ አይሠራም፤ ያኔ መሪውን የምታዞረው በክንድህ ጉልበት ብቻ ነው።»

ክንድ ሲል ደንገጥ አልኩ። «ፑሊው ቢቀየርስ?»

«ቢቀየርማ ወላሂ በአንድ ጣትህ ታዞራታለህ» አለ፣ የአንገቱ መስቀል እየተወዛወዘ። ቀና ብሎ ሲያየኝ የማስበውን አውቆታል መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለኡሙ ነው አይደል?»

ዕቃውን ኮምቦልቻ ከቆዩ መኪናዎች መለዋወጫ ፈልጎ ሊያመጣልኝ አሮጌውን ፎቶ አንስቶ ሄደ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ቆየ። ሲመጣ ፑሊውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝና «ከኬላላ ስመለስ እኔው እገጥምልሃለሁ» አለ። እምቢ አልኩት። «መሣሪያህን አውሰኝና አሠራሩን ንገረኝ፤ እኔ ልሥራው።»

«ልብስ ሰፊ ሆነህ?»

«እኔም የምሠራው በመኪና ነው እኮ!» አልኩት። ሳቀና ቁልፎቹን ሰጠኝ።

ሱቄን ዘግቼ ግቢያችን ውስጥ ጀመርኩ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባሁ፤ የቀኙን ፊት በክሪክ አንስቼ ጎማውን ፈታሁ። ቺንጋው በቀላሉ ወጣ። ፑሊውን የያዘው ዳዶ ግን ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ናፍጣ አፈሰስኩበት፣ እስኪሰርግ ጠበቅሁ፣ መልሼ ታገልኩት። እጄ ተፋቀ። እቴቴ በርጩማቸውን አምጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

«ቢስሚላህ ብለሃል?» አሉኝ።

«ብያለሁ እቴቴ።»

«እንግዲያው ድገመው።»

ደገምኩት። ዳዶው ጧ ብሎ ለቀቀ። እኔ ከቁልፉ ጋር ወደ ኋላ ስወድቅ እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። አንቺ ከወደቅሽ ወዲህ ሲስቁ ገና መስማቴ ነው።

አዲሱን ገጥሜ፣ ቺንጋውን አስገብቼ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ያው ክፉ ድምፅ መጣ፤ ቺንጋው ዘለለና ወጣ። አጠፋሁት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። እቴቴ አይተው እንዳላዩ ሆኑልኝ። ያን ጊዜ በላይ ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ፣ አንዳንድ ነገር ከተበላሸ ተበላሸ እያልኩ ነበር።

ኋላ ግን ስፌት መኪናዬ ትዝ አለኝ። የላዩ ሽክርክሪት ትንሽ ወደ ውጭ ከወጣ የሚያዞረው ጠፍር ያው እንዲህ እየዘለለ ይወጣል። ጥፋቱ የጠፍሩ አይደለም፤ ሁለቱ ሽክርክሪቶች ቀጥታ መስመር ላይ አይደሉም ማለት ነው። ከሱቅ ነጭ ክር አመጣሁ። አንዱን ጫፍ ለእቴቴ ሰጠኋቸው።

«ደግሞ ልትሰፋት ነው?»

«አይደለም እቴቴ፣ ልለካት ነው። ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ።»

አጎንብሰው ያዙልኝ። ክሩን ከታችኛው ፑሊ ፊት ለፊት ወጥሬ ወደ አዲሱ ሳመጣው አዲሱ ወደ ውጭ ወጣ ብሏል፣ የጥፍር ውፍረት ያህል። ብረቱ ላይ የቀረው ዝገት እስከ ሥሩ እንዳይገባ ከልክሎት ነበር። መልሼ ፈታሁት፤ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈግኩት፤ ፑሊውን በእንጨት መታ መታ አድርጌ አስገባሁና ዳዶውን አጠበቅሁት። ክሩን እንደገና ወጠርን። እቴቴ ክሩ እንዳይላላ ጫፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። ክሩ ሁለቱንም እኩል ነካ።

ሞተሩን ሳስነሳው ዝም አለ፤ ማለቴ ሞተሩ ይሠራል፣ ያ ጩኸት ግን የለም። የመሪውን ዘይት ጨምሬ፣ ጎማውን መልሼ ገጠምኩ። መሪውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ወረቀት የያዝኩ መሰለኝ።

«ውረድ እስቲ» አሉኝ እቴቴ።

«ወዴት እቴቴ?»

«ውረድ ብዬሃለሁ፣ እኔ ልቀመጥበት።»

መኪናዋ ከመጣች ጀምሮ በእጃቸው ነክተዋት የማያውቁ ሴትዮ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡና አንቺ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ቁመታችሁ አንድ ስለሆነ ልካቸው ነው። ከዚያ ያደረጉትን ስሚ። ቀኝ እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ከተቱና ደረታቸው ላይ አጣብቀው ያዙት። «እሷ እንዲህ አይደል የምትሆነው?» አሉኝ። በግራ እጃቸው ብቻ፣ በዚያ አጥንቱ በወጣ እጃቸው፣ መሪውን ያዙ። ዞረላቸው። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ወሰዱት፤ ወደ ቀኝም መለሱት። እኔ ስለ ክንድሽ አንድም ቀን አንስቼባቸው አላውቅም፤ ለካ እሳቸውም ቀን ከሌት የሚያስቡት እሱኑ ነው።

«ዞረ» አሉ።

«አልሀምዱሊላህ» አልኩ።

መሪውን እንደያዙ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ «ለመሆኑ ልጄ ስትወድቅ ማን አነሳት?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም አልኳቸው። እውነትም አላውቅም ኡሙዬ። ማን አነሳሽ? ውሃ የሰጠሽ ሰው ነበረ? ሐኪም ቤት ስትሄጂ ከጎንሽ ማን ነበር? አንቺ የነገርሽን ስለ ሐኪሙ ማሽን ትልቅነት ብቻ ነው። እቴቴ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና «እዚህ ብትወድቅ ኖሮ ሰው ሁሉ ነበር የሚያነሳት» አሉ። እኔም በሩን እንደያዝኩ አጠገባቸው ቆምኩ። የወረሰኝን ሐዘን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ተካፈልኩት።

በማግስቱ ጠዋት እቴቴን ይዤ በአቀስታ መንገድ ወጣሁ። አስፋልቱ ጭር ብሎ ነበር። ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በግራዬ ብቻ ነዳሁ፤ ማርሹን እንደሆነ ራሷ ነው የምትቀይረው። ጠመዝማዛው ላይ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን እሺ ብላ ታጠፈች። ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ እቴቴ መስኮቱን አስከፈቱኝ። ብርዱ ፊታቸውን እየመታ፣ «ከዚህ ከፍ ያለች መኪና ብትሆን ኖሮ አልወድም ነበር» አሉኝ። ይህን ሲሉ ብትሰሚያቸው!

በላይ እንደገና ደውሎ ነበር። እንደማልሸጥ ነገርኩት። «እንግዲያው ለሠርግ ቀን እንኳ አከራየኝ» አለ። «ባለቤቷ ልትመጣ ነው፣ ስትመጣ እሷን ጠይቃት» አልኩት። ሳልዋሽ አልቀረሁም፤ ገና እሺ አላልሽምና። ግን ከአፌ ከወጣ በኋላ ውሸት አልመስል አለኝ።

አሁን ያን ጊዜ በስልክ ያጣሁትን መልስ ልስጥሽ። «ምን ልሠራ ነው የምመጣው» ብለሽኛል። ምንም አትሥሪ። ድስቱን እኔ አወርዳለሁ፤ እስካሁንም እኔና እናትሽ ነን የምናወርደው። ጠዋት ስትነሺ ፀጉርሽን ማበጠር ቢያቅትሽ እኔ አለሁ፤ እጄ ክር ላይ እንጂ ፀጉር ላይ አልለመደም፣ ትታገሺኛለሽ። ስለ አንቺ የምናውቀው ወር በገባ ቁጥር የምትልኪልን ገንዘብ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሆነ። እኔ የምናፍቀው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት በኔ ሱቅ በር ላይ ቆመሽ «ይቺ ቁልፍ አትጠብቅም» ብለሽ የተጨቃጨቅሽኝን ሴትዮ ነው። እሷ በአንድ እጇም ብትመጣ ጭቅጭቋ አይቀንስም።

ረመዳንን ከእኛ ጋር ጹሚው። ቀኑን ቁረጪና ንገሪኝ፤ ኢንሻአላህ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እኔና እቴቴ እንጠብቅሻለን። እሳቸው ከኋላ እንቀመጣለሁ ብለዋል፤ እንዴት ታጥፈው እንደሚገቡ አላህ ያውቃል። እኔ ከጎንሽ እሆናለሁ። ቁልፉን እሰጥሽና አንቺ ትነጃለሽ፤ ደሴን አልፈን፣ ደጋውን ወጥተን፣ ቀስ እያልን። ክንድሽን ካመመሽ ወይም ከደከመሽ መንገድ ዳር አቁሚና «ሱፍያን፣ ያዝልኝ» በይኝ። ትዳር ከያዝን ጀምሮ ይህን ቃል ከአንቺ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ በይኝ፤ ቀሪውን መንገድ እኔ እነዳለሁ።

አክባሪሽና ናፋቂሽ
ሱፍያን
ከመካነ ሰላም