ጎረቤት የማይሰማው ስፒከር

ሄኖ፣ ሰላምህ ይብዛ!

ከካርዱ ፊት ያለው የሳውዲው ኹበር ባሕር ነው። እኔም ያየሁት እንዳንተ በካርዱ ላይ ነው። እህቴ ሚልካ «ናፍቀኸኛል» ብላ አስመጥታኝ፣ ራካ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቷ ስፒከር እያሠራችኝ ነው። ዓርብ ዓርብ ሳሎኗ ውስጥ በር ዘግተው የሚያመልኩ ወገኖች አሉ።

እኛ በሆሳዕና ከተማ ቤተ ክርስቲያን ያልመጣውም እንዲሰማ ብለን ስፒከሩን ወደ መንገድ እናዞር የለ? እዚህ የሚፈለገው ከግድግዳ የማያልፍ ነው። የስፒከር ሣጥን ስንሠራ የምንጠቀምበት ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ የሚያውቀው ድምፅን ሩቅ ማድረስ ብቻ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ የግድግዳውን ውፍረት ስትነግረው ምን ያህል ድምፅ ወደ ጎረቤት እንደሚያልፍ የሚያሰላ ክፍል ጨመርኩበትና ለአዘጋጆቹ ላክሁላቸው። አንድ የኖርዌይ ሰው «ግሩም ነው፤ ግን እንዳይሰማ የሚሠራ ስፒከር ለማን ይጠቅማል?» ብሎ ጻፈልኝ። «ለቤተሰብ» አልኩት።

ዛሬ ሞከርነው። መዝሙሩን ከፍተው እኔ ኮሪደር ወጣሁና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ማፊ! ምንም አይሰማም። ገብቼ «ሠራ!» ስላቸው ሚልካ በደስታ «ሃሌ ሉያ!» ብላ አቀለጠችው። ወዲያው ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ስፒከሩ ብቻ መዝሙሩን ቀጠለ፤ እሱን ማን ሰምቶት!

ቦታ አለቀብኝ። ወልዴንና ሌሎቹን መዘምራን ሳምልኝ። ካርዱን በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ የላክሁት ለምን እንደሆነ ይገባሃል። ኖርዌዩ ሌላ ማሻሻያ ካለህ ላክ ብሎኛል፤ የሚልካን ጉሮሮ ከየት ልጀምርለት?

ኤፍሬ