ዶክተር ቆይ እስቲ እና ተመሳሳዮቹ በሽታዎች

ቤተሰቡ እታለም፣ ተማሪዎቻቸው ደግሞ ዶክተር ቆይ እስቲ እያሉ የሚጠሯቸው ታላቅ እህታችን፣ ከፖስታ አመላላሹ አባታቸውና የትምህርት ቤት ጸሐፊ ከነበሩት እናታቸው፣ ከዛሬ ስድሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ በነበረው ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ይህን ታሪክ የጻፈው አናጺው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ስለ ሕክምና የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ፣ የተሳሳተው ካለ ባልደረቦቻቸው ይቅር ይበሉት።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። ሁለተኛውን ዓመት ሁለት ጊዜ ተምረዋል። ይህ ባይነሳ የሚሉ ዘመዶች ነበሩ፤ እሳቸው ግን ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ይናገሩት ስለነበር አልተውነውም። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ተመረቁ። በውስጥ ደዌ ሕክምና ስፔሻላይዝ ካደረጉ በኋላም ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ሆስፒታል፣ መስኮቷ ወደ ልብስ ማጠቢያው በሚያሳይ ጠባብ ክፍል ሠሩ።

ሥራቸውን ለሰው ለማስረዳት ሁልጊዜ እንቸገር ነበር። የልብ ወይም የዓይን ሐኪም ቢሆኑ ይቀለን ነበር። እሳቸው የሚያክሙት መላ ሰውነትን የሚያዳርሱ፣ ብዙም የማያጋጥሙ፣ እርስ በርሳቸውም የሚመሳሰሉ በሽታዎችን ነው። በሁሉም በሽታ መገጣጠሚያ ያማል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ ኩላሊት ይደክማል፤ የአንዱ መድኃኒት ግን ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። ሕመምተኛው ስድስት ሐኪም ዞሮ፣ ፋይሉ እንደ ትራስ አብጦ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል። ተማሪው ፈጥኖ የበሽታውን ስም ሲጠራ «ቆይ እስቲ» ብለው ከእግር ጥፍር ይጀምራሉ። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ከፋርማሲ ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። በሠርጋቸው ዕለት የፎቶ አንሺው ጣቶች በብርዱ እንደ ወረቀት ነጥተው ቢያዩ መመርመር ጀመሩ፤ ሰኞ ክሊኒክ እንዲመጣም ቀጠሩት። አጎታችን ባነሱት ፎቶ ላይ ሙሽራው ብቻቸውን አበባ ይዘው ቆመዋል፣ ሙሽሪት ደግሞ የሰው ጣት ላይ አቀርቅረዋል።

በአርባ ሁለት ዓመታቸው አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ደም እያሳለው መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ለወራት መድኃኒት ቢወስድም ብሶበት ነበር። እህታችን ከፓቶሎጂ ሐኪሟ ጓደኛቸው ጋር ከሳንባው የተወሰደውን ናሙና ሙሉ ቀን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ውለው፣ ነቀርሳ ሳይሆን ሰውነቱ የገዛ ደም ሥሮቹን እያጠቃ ነው አሉ። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ጀመሩለት። ነቀርሳ ቢሆን ኖሮ ያ መድኃኒት ሊገድለው ይችል ነበር። ሾፌሩ ድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ዛሬም በቀብራቸው ላይ ከመካከላችን ቆሟል።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ ያንኑ ምልክት ይዛ መጣች። የምርመራው ውጤት አሻሚ ነበር፣ ኩላሊቷ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። ያንኑ መድኃኒት ጀመሩላት። በሦስተኛው ሳምንት አረፈች። የእሷ ነቀርሳ ነበር።

የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ቢከለክሏቸውም እህታችን ወደ ሟች ቤት ሄዱ። መኪናውን የነዳው ይህ ጸሐፊ ነው። በልብስ ስፌት መኪናው ላይ እጅጌ ያልገባለት ቀሚስ እንደተሰካ ነበር። ከባሏ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ «በሽታው ሌላ ነበር። የሰጠኋት መድኃኒት ጎድቷታል፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉት።

ሰውየው ለክትትል ይመጣ የነበረውን ሾፌር በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ተዋውቆት ኖሮ፣ «ያ ሾፌር የዳነው በዚሁ መድኃኒት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አዎ፣ በዚሁ ነው።»

«ታዲያ እኔ አሁን እርስዎን ምን ልበልዎት?»

ሲወጡ ሰውየው በሩን ከፍቶ ያዘላቸው።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ የሳንባውን፣ የኩላሊቱንና የቆዳውን ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ ሰብስበው በአንድ ፋይል ላይ ያከራክሩ ነበር። ጉባኤው ዛሬም አልተቋረጠም።

ባለፈው ዓመት ከጆሯቸው ሥር አበጠ፤ ቀጥሎ እግራቸው ደነዘዘ፣ በመጨረሻም ኩላሊታቸው ደከመ። ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው አክመዋቸው ሦስት የተለያየ ስም አወጡለት። እኛም ለጠያቂ ሁሉ የሰማነውን እንናገር ነበር። አክስታችን በአንድ ሳምንት ሦስቱንም ሰምተው፣ ሦስቱም አንድ ላይ የያዟቸው መስሏቸው አለቀሱ።

ይህ ጸሐፊ ትዕግሥቱ አልቆ አንዱን መርጠው መድኃኒት እንዲጀምሩ ለመናቸው። እሳቸው ግን፣ «አሁን ብጀምር ለእናንተ ጭንቀት መድኃኒት ይሆናል። ለእኔ ይሁን አይሁን አላውቅም» አሉ። ከኩላሊታቸው የተወሰደው ናሙና ውጤት እስኪመጣ ጠበቁ። ልጃቸው ተቆጣች። ማን ልክ እንደነበረ ዛሬም አንስማማም።

ሚያዝያ 9 ቀን ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሚወዱት ሆስፒታል ዐረፉ። ውጤቱ የመጣው ረቡዕ ነው። የፓቶሎጂ ሐኪሟ ጓደኛቸው ራሳቸው ይዘውት ቤታችን መጡ። ወረቀቱ ላይ ሁለት የበሽታ ስም ተጽፏል፤ በመካከላቸው «ወይም» የሚል ቃል አለ። መድኃኒቱ ቢጀመር ይተርፉ እንደነበር ጠየቅናቸው። «የመጀመሪያው ከሆነ ይረዳቸው ነበር» አሉን። «ሁለተኛው ከሆነ ለዚህችም ሳምንት አይደርሱም ነበር።» ከዚያ አብረውን ተቀምጠው አለቀሱ።

ስለዚህ የሞታቸውን ምክንያት በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ አልቻልንም። እንቆጭ ወይስ እንጽናና፣ እሱንም ገና አልለየነውም።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ አንድ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሦስት ወንድሞቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተውልን ሄደዋል። እኛ ያልገባንን ሁሉ የሚያውቅ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ያቺን ልብስ ሰፊም ከእሳቸው ጋር ያስባት።