በደክዋኔ ውኃ ጠላ የጠመቁት የወይዘሮ መስታወት ስለሺ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ መስታወት ስለሺ ከአባታቸው ከአቶ ስለሺ ወርቅነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ይመር በ1968 ዓ.ም. በወሎ፣ በወረኢሉ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ስማቸው የተጠራ ጠላ ጠማቂ ስለነበሩ፣ ገበያ ውሎ የደከመው ሰው የወይዘሮ በላይነሽን ደጅ ሳይረግጥ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ወይዘሮ መስታወትም ዳዴ ያሉት በጋኖቹ መካከል ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ወረኢሉ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1988 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው አንድ ልጃቸውን ዳጊን ወለዱ። ባለቤታቸው በአጭር ሲቀጩባቸው ልጅ ማሳደጉ ከአቅም በላይ ሆነባቸውና በ1996 ዓ.ም. ዳጊን ለእናታቸው አደራ ሰጥተው ወደ ቤይሩት መጡ።

ባዳሮ በሚባለው ሰፈር ከአንዲት አሮጊት ማዳም ቤት ዐሥር ዓመት ያህል ሠሩ። ማዳሟ ሲያርፉ ደክዋኔ ሰፈር ውስጥ ከኮምቦልቻዋ ከሱአድ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በጀማይዜ ሰፈር መጠጥ ቤቶችን እያጸዱ ራሳቸውን ችለው መኖር ጀመሩ። ሱአድ ሙስሊም ናትና ጠላ በአፏ አይዞርም፤ ስለ እርሳቸው ጠላ ግን ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በ2011 ዓ.ም. የማርያም ማኅበራችን ተረኛ ሆኑና ጠላ እጠምቃለሁ ብለው ተነሡ። እኛ የሱቅ ቢራ ይበቃናል ብንል ማን ሰምቶን! የክፍላቸው ቧንቧ ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ በቦቴ የሚመጣው ደግሞ ክሎሪን ይሸታል፤ ጋን የሚባል ነገር የለም። ኮምጣጤ የተነከረ አትክልት የመጣበትን የፕላስቲክ በርሜል ለምነው አመጡ። አጠቡት፣ ፈገፈጉት፣ ከዚያም እናታቸው ጋን እንደሚያጥኑት በወይራ ጭስ ላይ ደፉት። በርሜሉ ቀልጦ ተጨማደደ፣ ጥቁር ጭሱ ደረጃውን ሞላው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቤት ተቃጠለ ብሎ ጮኸ። ሱአድ በባልዲ ውኃ እየደፋች፦

«እትዬ፣ ያንቺ ጠላ ያኒ፣ ማለቴ፣ ሳይጠጣም ያሰክራል!» ብላ ጎረቤቱን አሳቀችው።

ወይዘሮ መስታወት ግን የያዙትን የሚለቁ ሰው አልነበሩም። በሚያጸዱት አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ባለቤቱ ቢራውን ራሱ ይጠምቅ ነበርና፣ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብለው እርሱን ጠየቁት። ሰውዬው ደስ ብሎት አስተማራቸው። ክሎሪኑን የሚያስቀር የከሰል ማጣሪያ ሰጣቸው፤ ጨውን ግን ከሰልም መፍላትም እንደማያወጡት፣ ስለዚህ የክፍላቸውን የቧንቧ ውኃ ትተው የቦቴውን እንዲያጣሩ ነገራቸው። አፉ የተቆረጠ አሮጌ የብረት የቢራ በርሜልም ሰጣቸው። ከክዳኑ ቀጭን ጎማ አውጥተው ጫፉን ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እንዲነክሩ አሳያቸው፤ ትንፋሹ እንዲወጣ፣ አየር ተመልሶ እንዳይገባ ማለት ነው። የእናታቸውን ሙያ ግን አልተዉም። ገብሱን መታጠቢያ ቤት ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ አብቅለው ብቅሉን ያደርቃሉ፤ ጌሾው ከአገር በሚመጣ ሰው ሻንጣ ይገባል፤ የብረት በርሜሉንም ጎረቤት ከገረዘው የወይራ ዛፍ ቅርንጫፍ ለምነው ያጥናሉ። ጠንስሰው፣ ደፍድፈው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ውኃው ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር «ተነፈሰ» ይላሉ፤ ፊታቸውም ያን ጊዜ ይፈታል።

ያ ጠላ በማኅበሩ ቀን ሲቀርብ አንዳንዶቻችን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ክርስትና ይሁን ልደት፣ እዚህ አገር ሞታ አልቃሽ ያጣች እህት ተዝካርም ይሁን፣ የወይዘሮ መስታወት ጠላ ያልቀረበበት ቀን አልነበረም። ለሙስሊም እህቶቻችንም የማያሰክረውን የገብስ ቀሪቦ በሌላ ዕቃ ለይተው ያዘጋጁ ነበር። ሱአድ ውኃውን ታጣራለች፤ ጌሾው ሲመጣ «ከዚህ በኋላ ያንቺ ነው» ብላ ትነሣለች። ወይዘሮ መስታወት በየእሑዱ ደግሞ ወደ ወረኢሉ ደውለው ስለ ጠላው ለእናታቸው ይነግሯቸዋል። ወይዘሮ በላይነሽም በጎማና በጠርሙስ የሚጠመቅ ጠላ እንዴት ያለ ጠላ ነው እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከተማው ታወከ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ መጠጥ ቤቶቹም አንድ በአንድ ዘጉ። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ መስታወት ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሐኪሙ መጠጥ ቀርቶ ውኃም በልክ እንዲጠጡ አዘዛቸው። እስከዚያ ቀን ለስንት ሰው ውኃ ሲያጣሩ የኖሩ ሴት ከንፈራቸውን አርሰው ብቻ መተው ግድ ሆነባቸው። ጠላቸውንም በምላሳቸው ጫፍ ነክተው መትፋት ጀመሩ።

በየካቲት ወር ወይዘሮ በላይነሽ በወረኢሉ አረፉ። ዘመዶች ለወይዘሮ መስታወት ሳይሆን እዚህ ላለችው ለአክስታቸው ልጅ ለማርያማዊት ደወሉ። ባዕድ አገር ላለ ሰው፣ ይልቁንም ለታመመ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነግረው። እንሰበሰባለን ስንል የኮሮና በሽታ መጣና መሰብሰብ ተከለከለ፤ ኤርፖርቱም ተዘጋ። ዛሬ ነገ ስንል ቀኑ ነጎደ። ወይዘሮ መስታወት እሑድ ሲደውሉ ዳጊ «አያቴ ጉሮሮዋን አሟታል» እያለች ታልፋቸው ነበር።

የእናታቸው የሰማንያ ቀን መታሰቢያ ለግንቦት ልደታ ደረሰ። ክልከላው ላላ ብሎ ጥቂቶቻችን መገናኘት ብንችልም፣ ሕመማቸው ብሶ ነበርና መርዶውን ልንነግራቸው አልደፈርንም። ማኅበሩ በወይዘሮ በላይነሽ ስም ጥቂት ዳቦና ጠላ ለማቅረብ ፈለገ። ጠላውን ግን ከእርሳቸው በቀር ማን ይጥመቀው? ሌሎቻችን ሞክረን ነበር፤ ወይ ይሻግታል፣ ወይ ሳይፈላ ይሞታል። ተማክረን ስናበቃ፣ ማሰቡም ያስፈራል፣ ወደ ራሳቸው ሄድን። አንዲት ጁኒየ ከተማ ያለች እህት እናቷ ሞተውባት ነው አልናቸው። ሱአድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወይዘሮ መስታወት የሱአድን ጀርባ አይተው፦

«የማን እናት ናት?» አሉ።

መልሳችንን ሳይጠብቁም፦

«ኸላስ፣ ተዉት። እናት እናት ናት። እጠምቃለሁ» አሉ።

እንደዚያ አምሮ የወጣ ጠላ ከእጃቸው አይተን አናውቅም። ቆመው መሥራት ስላልቻሉ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው በርሜሉን አጠኑ፤ ሱአድ ውኃውን ሁለት ጊዜ እንድታጣራው አደረጉ። የልደታ ዕለት ጠላው ሲቀዳ «ነፍስ ይማር» ያሉት ከሁሉ ቀድመው እርሳቸው ነበሩ። እኛም «አሜን» አልን፤ ዐይናቸውን ግን ማየት አቃተን።

ከዚያ በኋላ ሕመሙ ጸናባቸው። በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው፣ በግንቦት 27 ቀን 2012 ዓ.ም. በተወለዱ በ44 ዓመታቸው፣ ሱአድ እጃቸውን እንደያዘች ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አስከሬናቸውን ለአገራቸው አፈር ማብቃት ስላልተቻለ እነሆ ዛሬ እዚሁ እንሸኛቸዋለን።

ትናንት ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ፣ የእናታቸውን ማረፍ ሳይሰሙ ሞቱ ተብሎ ይጻፍ ወይስ ይቅር ብለን የማኅበራችንን የንስሓ አባት ጠየቅናቸው። አባታችንም ያልሰማነውን ነገሩን። ወይዘሮ መስታወት ገና በመጋቢት ደውለው የእናታቸውን የክርስትና ስም ከሙታን ጋር እንዲያነሡላቸው ሰጥተዋቸው ነበር። «እናቴ እሑድ ስደውል ለጉሮሮ ሕመም ስልክ የምታስቀር ሴት አይደለችም። የማኅበሩ ልጆች ግን የማላውቅ መስሏቸው ይጨነቁልኛል። ማወቄን ከሰሙ ይሰበራሉ፤ አደራ፣ አባቴ» ብለዋቸው ኖሯል።

እንግዲህ ያንን ጠላ ለማን እንደጠመቁት ያውቁ ነበር። እኛ ልንሸከምላቸው ያልነውን ኀዘን እርሳቸው ብቻቸውን ተሸክመው፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ደረት ሳይመታላቸው ከረሙ። አልቅሰው ሊወጣላቸው የሚገባውን እንባ የከለከልናቸው እኛው ነን። ይህ ያንገበግበናል።

ስለዚህ ለልጃቸው ለዳጊ አልደበቅንም። ባረፉበት ሰዓት ሱአድና ማርያማዊት ደወሉላት፤ ጎረቤት እስኪሰበሰብላትም ስልኩን ሳይዘጉ አብረዋት አለቀሱ። አሁንም ይህ ሲነበብ ከወረኢሉ በስልክ እየሰማች ነው። ዳጊ፣ እንዳሻሽ አልቅሺ፤ እዚህም አብረንሽ እያለቀስን ነው።

ወይዘሮ መስታወት ስለሺ ከልጃቸው ከዳጊ ሌላ ሁለት ወንድሞችን፣ የአክስታቸውን ልጅ ማርያማዊትን፣ እንደ እህት አብራቸው የኖረችውን ሱአድን እና መላውን የማኅበር እህቶቻቸውን በኀዘን ትተው ሄደዋል።

የድካማቸውን ዋጋ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ነፍስ ጋር በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ የተጠሙትንም ከሕይወት ምንጭ ያለ ልክ ያጠጣልን። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።