ተዘቅዝቆ የተያዘው መጽሐፍ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10
ዛሬ ማክሰኞ፣ በአገራችን ልማድ የባሕሩ የዕረፍት ቀን ነው፤ ጀልባ ባሕር አይገባም። ትናንት በጭስ ያደረቅሁትን ዓሣ ሸጥኩ። ጉልበቴ... ልተወው።
የልጅ ልጄ መንሲማ ከትምህርት ቤት ኩርፍ ብላ ገባች። ውጭ አገር በነፃ ለሚያስተምር ኮሌጅ ልታመለክት ነው። መምህር ኳንሳ፣ "ውጤትሽ ግሩም ነው፤ ከክፍል ውጭስ ምን ትሠሪያለሽ?" ብሏታል።
"ጭስ ላይ ዓሣ እገለብጣለሁ በዪው" አልኳት።
"ናና፣ አያቴ! ለሰው የሚጠቅም ነገር ነው የሚፈልጉት።"
ዓሣውን የሚበላው ሰው አይደለም?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12
ለገበያ ሴቶች ፊደል ላስተምር ብላ ተነሣች። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። እኔን ማን አማከረኝ?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14
ማንም አልመጣም። ቅዳሜ የቀብር ቀን! ከተማው ሁሉ ጥቁርና ቀይ ለብሶ ለቅሶ ላይ ነው። ከጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠው ኤኩዋ፣ "ልጅሽ ሬሳ ልታስተምር ነው እንዴ?" ብላ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ።
ልጅቱ እራቷን አልበላችም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 21
ዛሬም ባዶ አግዳሚ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።
"ናናዬ፣ አንድ ፎቶ ብቻ። ተማሪ ሁኚልኝ።"
"ማንበብ እችላለሁ እኮ።"
"አውቃለሁ። እንደማትችዪ ሁኚ... መጽሐፉን ዘቅዝቀሽ ያዢው።"
ምን እንዳለችኝ አታውቅም። ድሮ ማንበብ ሳልችል፣ በቅዳሴ መሐል የመዝሙር መጽሐፍ ዘቅዝቄ ይዤ እናቷ፣ የገዛ ልጄ፣ በሰው ፊት ሣቀችብኝ። በስልሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለምን ሆነና?
"አልሆንም" አልኳት።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22
ስታለቅስ አደረች። ግድግዳው ስስ ነው።
ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጽሐፉን ዘቅዝቄ ያዝኩላት፤ ፎቶ አነሣችኝ። "ትንሽ ግራ እንደገባሽ ሁኚ" አለችኝ። እሱስ አላስቸገረኝም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23
"ማክሰኞ አድርጊው። ዓሣ ስለሌለ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ነው የሚውሉት" አልኳት። ለምን እንደነገርኳት እንጃ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8
አግዳሚው ሞላ። ኤኩዋ ሳትቀር! መንሲማ ፎቶ በፎቶ ሆነች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሰሌዳውን ለማየት ተንጠራራሁ... ማንም ተማሪ ሁኚ አላለኝም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5
ማመልከቻው ትናንት ተላከ። የኔም ፎቶ አብሮ። ዛሬ "ፈተና አለብኝ፣ ናና" ብላ ቀረች። ሴቶቹ ጠበቁ፣ ጠበቁ።
"መምህራችን አገባች እንዴ?" አለች ኤኩዋ።
አሟታል ብዬ ዋሸሁ። እነሱንም ለፎቶ ነው የፈለገቻቸው? እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12
ዛሬም የለችም። ደክሞኛል። ማን አለ ሌላ? ጠመኔውን አነሣሁ።
"አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መምህር የሆንሽው?" አለች ኤኩዋ።
"አፍሽን ዝጊና መጽሐፍሽን ግለጪ።"
ገለጠች። ዘቅዝቃ። አጠገቧ ያለችው ልትሥቅ አፏን ስትከፍት አፈጠጥኩባት። ዋጠችው።
ቀና ስል መንሲማ በሩ ላይ ቆማለች፣ ስልኳን ይዛ። ኤኩዋን አየች። መጽሐፉን አየች። ከዚያ እኔን። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ አንገቷን ደፍታ።
ሄጄ የኤኩዋን መጽሐፍ አዞርኩላት። ማንም አልሣቀም።