ሀፊዝ ዳገቱ ላይ የተቀመጠ ዕለት

ለልጄ ሱሀይላ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ባለሽበት አገር ሰው አያሳጣሽ፣ የያዝሽውን ሁሉ ይባርክልሽ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። የሰፈራችን የሆጤ ብርድ ዘንድሮም አልራራልንም። ከጎረቤቴ ከዘይቱና ጋር ተደጋግፈን ገበያ እንሄዳለን፤ እሷ ታያለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ ከሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው ይወጣል።

ባለፈው እሁድ ወንድምሽ ሀፊዝ ከኮምቦልቻ መጥቶ ነበር። «እማ፣ ቤቱን እናከራየውና እኔ ዘንድ ይውረዱ። እዚያ ሜዳ ነው፣ ሙቀቱም ለጉልበትዎ ይስማማል» አለኝ። አንቺም በስልክ እንደተስማማሽ ነገረኝ። እኔም ከዘይቱና ጋር ገበያ ይዤው ሄድኩ።

ስንመለስ ዘንቢሉን ከእጄ ነጥቆ ዳገቱን እየሮጠ ቀደመን። እኔ እንደ ልማዴ ትንሽ እሄዳለሁ፣ አርፋለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። ከመስጊዱ በታች ስንደርስ፣ እኔ የማርፍበት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ዘይቱና ቆም ብላ አየችውና «ልጄ፣ ወደ ሜዳህ እንመልስህ እንዴ?» አለችው። ዘንቢሉን ተቀብዬው አለፍኩ።

ስለዚህ ቤቴን አልለቅም። አስተማሪ ሳለሁ፣ ቀስ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ከክፍል እንዲወጣ ፈቅጄ አላውቅም፤ ራሴንም ከቤቴ አላስወጣም። ይህን ለወንድምሽ አንቺው አስረጂልኝ።

ከቻልሽ ለምርኩዜ ጫፍ የሚሆን ጎማ ላኪልኝ። ጠንካራውን ምረጪ፣ ገና ብዙ ዳገት ይጠብቀዋል። አላህ በጤና ያገናኘን። ስትመጪ ግን ዳገቱ ላይ እንዳትቀድሚኝ።

እናትሽ